አርባ ወደ ታች፣ ስልሳ ወደ ጎን

ስብሰባ ላይ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይበጅም። ጅማ ውስጥ ደግሞ መስኮት ማለት ጅሬን ማለት ነው። ጉሙ ከኮረብታው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ዛፎቹን አንድ በአንድ ሲውጥ፣ ከዚያም ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው መልሶ ሲተፋቸው እያየሁ ስንት ውሳኔ በላዬ ላይ እንደተወሰነ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። በደርግ ጊዜ ስብሰባ አያልቅም ነበር፤ የጅሬን ጉምም አያልቅም። እኔ ሁለቱ መሐል ተቀምጬ ነው ወጣትነቴን የጨረስኩት።

የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው፤ እናቴ ገና በልጅነቴ «ይኼ ልጅ እንደ ፈረስ ቆሞ ይተኛል» ብላ ለጎረቤት ታማክር ነበር። ጎረቤት ጠበል ይሻለዋል አለ፤ ሌላው ጎረቤት ዱዓ ይደረግለት አለ። ሁለቱም ተሞከረ። እኔ ግን በጠበሉ መሐል የውሃውን ቀለም፣ በዱዓው መሐል የምንጣፉን አበባ ሳይ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ካደገ በኋላ ምን ይሆናል? ሥዕል ያስተምራል።

ታዲያ አንድ ቀን በዚያው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ዞር ስል ተሰብሳቢው ሁሉ እያጨበጨበልኝ ነው። ሰው ሲጨበጨብለት ምን ማድረግ እንዳለበት አውቃለሁና ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው አጠገቤ ያለውን ሰው ምን እንደሆንኩ የጠየቅሁት። «የሥዕሉ ኃላፊ» አለኝ፤ ሊያዝንልኝም የፈለገ ይመስል ነበር።

ነገሩ የጓድ ይልማ ነበር። ጓድ ይልማ የበዓል ዝግጅቶችን የሚመራ፣ ለጥቂት ወራት ባሕር ማዶ ለሥልጠና ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚያ አገር ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንደኛው በጅማ ሙቀት ውስጥም ቢሆን የማያወልቀው ወፍራም ካፖርት፣ ሁለተኛው በሰው የተሠራ ሥዕል ነው። በዚያ አገር ስታዲየም ውስጥ በሺ የሚቆጠር ሰው ቀለም የተቀባ ካርቶን ይዞ ይቀመጣል። ምልክት ሲሰጥ ሁሉም ካርቶኑን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ ሰዉ ይጠፋና መርከብ ይሆናል፤ አበባ ይሆናል፤ የሚስቅ ሕፃን ይሆናል። ይህን ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እውነቴን ነው፣ የእኔም አቅርሯል። «አንዱ ሰው ነጥብ ነው» አለ፤ «ነጥቡ ብቻውን ምንም አይናገርም። ቦታው ላይ ሲቀመጥ ግን ሥዕሉ ይናገራል።»

በቡና ለቀማው ወቅት ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ እንግዳ ስለሚመጡ፣ ከጅሬን ግርጌ ባለው ተዳፋት ላይ ይህ ሥዕል እንዲሠራ ተወስኗል። ጓድ ይልማ ሥዕሉን በካሬ ወረቀት ላይ ነድፎታል። ከግራ በኩል ከታች አንድ ጠንካራ ክንድ ይነሣል፤ መሐል ላይ የተጨበጠ እጁ የቡና ቅርንጫፍ ይዟል፤ ቅርንጫፉ ቅጠሉንና ቀይ ፍሬውን ይዞ ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ክንዱን የሚሠሩት ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከሰርቦ የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ክንድ የገበሬ ነውና። ቅርንጫፉንና ፍሬውን የሚሠሩት የከተማው ተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው። ቡና ለቅሞ የማያውቀው ቡና ሆነ፤ የሚያውቀው ክንድ ሆነ። ይህን ያን ጊዜ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም።

ስፋቱ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ጓድ ይልማ ቅድም ተነግሯል በሚል ዓይን አየኝና «አርባ በስልሳ» አለ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ተማሪዎቼን ይዤ፣ ገመድና ችካል ተሸክሜ ተዳፋቱን መሸንሸን ጀመርኩ። አርባ ወደ ጎን፣ ስልሳ ወደ ላይ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሰሌን ሲገዛ መጀመሪያ የሚለካው ወርዱን ነበር፤ በር ካላሳለፈው ርዝመቱ ምን ይሠራል ይል ነበር። እኔም በአባቴ ሕግ ሄድኩ። ወርዱ በሰላም አለቀ። ቁመቱ ግን ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ ሣሩ አለቀና የሰው እንሰት ውስጥ ገባ፤ ከእንሰቱም አልፎ ሰው የንብ ቀፎ የሰቀለበት ዛፍ ሥር ደረሰ። የመጨረሻዎቹን ችካሎች የተከልነው እየሮጥን ነው። ጓድ ይልማ ካፖርቱን ለብሶ ሲመጣ አንዱ ዓይኔ አብጦ ተዘግቷል፤ በቀረው ዓይኔ በኩራት ተቀበልኩት።

ተዳፋቱን ከታች እስከ ላይ ሲያየው ቆየ። ይህ ሥዕል ሳይሆን መሰላል ነው አለኝ።

ከዚያ ሣሩ ላይ አስቀምጦ እንደ ሕፃን አስተማረኝ። አርባ በስልሳ ሲባል አርባው ወደ ታች የሚቆጠረው ረድፍ ነው፤ ስልሳው ወደ ጎን ነው። መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ ወርድ። ቆጠራው የሚጀምረው ከላይ፣ ከግራው ጥግ ነው። ደግሞ ከአንድ አይደለም፣ ከዜሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ረድፍ ዜሮ፣ የመጨረሻው ሠላሳ ዘጠኝ ይባላል። ለምን ከዜሮ እንደሆነ ስጠይቀው «ጥያቄው ሰውየው ከጥጉ ምን ያህል ራቀ ነው» አለኝ። «ጥጉ ላይ ያለው ምንም አልራቀም። ስለዚህ ዜሮ ነው።»

ይህ ነገር በጣም አማረኝ። ከተወለደበት ጥግ ፈቀቅ ያላለ ሰው። ከመንደራ ቆጪ ያልራቀ ሰው። የቀረውን ማብራሪያ ሳልሰማ ይህችን ሳመነዥግ ቆየሁና የነቃሁት ጓድ ይልማ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው። አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትዛነፍ አሻጥር ይባላል፤ ይኼን እኔ ሳልሆን ሌሎች ናቸው የሚሉት አለኝ። አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያ ዘመን ሰውን ከቤቱ ይዛ የምትወጣ ቃል ነበረች። ጓድ ይልማ ራሱ ሲላት ወደ ኋላው ገልመጥ አለ።

ገመዱን ነቅለን ወደ ጎን አስተኛነው። ለእያንዳንዱ ሰው በብጣሽ ወረቀት ሁለት ቁጥርና አንድ ቀለም ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ረድፉ፣ ሁለተኛው የጎኑ ቦታው። የጎን ቁጥሮቹን ከታች በኩል ችካል ላይ በትልቁ ቀለም ቀባናቸው፤ ከዜሮ ጀምረን። የረድፉን አልቀባንም፤ ሰው ገመዱን እያየ ይቆጥራል አልን። ካርቶኖቹን ቀብተን ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ስናሰጣቸው፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያይ ነገር ሆኑ። ያን ሰሞን ስተኛም የማየው ትንንሽ ካሬ ነበር። እናቴ ራት ስታቀርብልኝ ፊቷን ሳይ ረድፍ ስንት ላይ ቡናማው አልቆ ነጠላው እንደሚጀምር እቆጥር ነበር።

የከተማው ሰው የሚሠራው የሥዕሉ ግማሽ ልምምድ አደረገ። ቀይ ጨርቅ ይዤ ከተዳፋቱ ማዶ ቆምኩና ጨርቁን አነሣሁ። የማውቃቸው ተማሪዎች፣ የማውቃቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ እነዚያ ሁሉ ፊቶች ጠፉና በሣሩ ላይ የቡና ቅርንጫፍ በቀለ። ንፋስ ሲመጣ ካርቶኑ ይንቀጠቀጣል፤ ቅጠሉ የተወዛወዘ ይመስላል። ጨርቁን ማውረድ ረስቼ ቀረሁ። በኋላ ተማሪዎቼ እጃቸው እንደዛለ፣ አንዳንዱም እንዳለቀሰ ሰማሁ።

የሰርቦዎቹን ግን ማለማመድ አልተቻለም። ነዳጅ በኮታ ነው፤ ቡናውም ቀልቶ ለቃሚ እየጠበቀ ነው። የሚመጡት በዕለቱ፣ በማለዳ ብቻ ነው ተባለ። ጓድ ይልማ ችግር የለም አለ፤ ሁለት ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ቦታውን አያጣም።

በዕለቱ ማለዳ ጉሙ እንደዚያ ቀን ወርዶ አያውቅም። በተዳፋቱ ላይ ከታች ካሉት አሥር ረድፎች በላይ ምንም አይታይም። ከሰርቦ መንገድ በኩል ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪናዎች ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ መብራታቸው መጣ፤ ከዚያ ሰዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ፤ ነጭ የለበሱ፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ሻሻቸውን ያጠበቁ። ከፊት ከፊት የሚመጡት አባ ዝናብ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባ ዝናብ ስማቸው ነው፤ እዚያ አገር ስሙ የተለመደ ነው። ጺማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ረጋ ብለው የሚራመዱ፣ ሲራመዱ ሌላው ሰው ፍጥነቱን የሚቀንስላቸው ሽማግሌ ናቸው። የሰርቦ ሰው ሁሉ እሳቸው የሚያደርጉትን ነው የሚያደርገው።

አክብሬ የመጀመሪያውን ብጣሽ ለእሳቸው በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሰማያዊ ካርቶን፣ የላይኛው የግራ ጥግ።

ብጣሹን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። ዜሮ፣ ዜሮ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ፊደል የቆጠርኩት አምና በመሠረተ ትምህርት ነው። ዜሮን ግን ከዚያም በፊት አውቀዋለሁ።»

ከጥጉ ያልራቀ ሰው የሚለውን አስረዳኋቸው። ለእኔ እንዳማረኝ ለእሳቸውም እንዲያምራቸው ብዬ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ጉሙን እያሳየሁ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እኔ ግን የዘጠኝ ልጆች አባት ነኝ። ዛሬ ሰርቦ ስገባ፣ አባ፣ በሥዕሉ ላይ ምን ነበሩ ይሉኛል። ዜሮ ነበርኩ ልበላቸው?»

ከኋላቸው ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየኛል። እንዲህ ባለ ሰዓት ጠንካራ ሰው ጠንክሮ ይቆማል፤ እኔ ግን እርሳሴን አወጣሁና ሁለቱንም ዜሮ አንድ አደረግኋቸው። አባ ዝናብ ከተቀየሩ ደግሞ ሌላው ሁሉ መቀየር አለበት። ስለዚህ ሁላችሁም በሁለቱም ቁጥር ላይ አንድ ጨምሩ አልኩ። ቃሉ በኦሮምኛ ወደ ኋላ ተላለፈ፤ ቶኮ ደበሊ፣ ቶኮ ደበሊ፣ ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ አፍ እየሄደ ጉሙ ውስጥ ገባና ከሩቅ እንደ ዚክር ዜማ ይሰማ ጀመር። አንድ ጨምር፣ አንድ ጨምር። ቆሜ ሳዳምጠው ምን ላደርግ እንደነበር ጠፋኝ።

ስመለስ አባ ዝናብ ተቀምጠዋል። ከታች፣ ከፊተኛው ገመድ ላይ፣ ጃንጥላቸውን ጎናቸው አድርገው። ቦታዎ ከላይ ነው አልኳቸው፤ የመጀመሪያው ረድፍ እዚያ ጉሙ ውስጥ ነው። ቀና ብለው ጉሙን አዩት። የመጀመሪያው ረድፍ በየትኛውም አገር ከፊት ነው አሉኝ፤ መስጊድ ቢኬድም ከኢማሙ ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያ ተብሎ ኋላ የሚቀመጥ ሰው ሰምተው አያውቁም። እሳቸው ይህን እያሉኝ ሁለተኛው ረድፍ ከኋላቸው ተቀምጦ ነበር፤ ሦስተኛውም እየተቀመጠ ነበር። እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው አቀማመጥ መሰላችሁ። አንድም ሰው አልተጋፋ፣ አንድም ሰው ድምፁን አላሰማ። ይህን የመሰለ ሥርዓት ማፍረስ ነውር ነው አልኩ በልቤ። ክንድ ከላይ ሲቆጠርና ከታች ሲቆጠር አንድ እንዳልሆነ ማሰብ ነበረብኝ፤ ግን ማን ያስባል? ነጫጭ ረድፎች እየተነሡ ወደ ነጩ ጉም ሲገቡ እያየሁ ነበር።

የመጀመሪያው ጩኸት የመጣው ከመሐል ነው። የሰርቦ ሰው አንድ አንድ ስለጨመረ፣ በታችኛው ችካል ዜሮ የተባለው የግራ ጠርዝ ባዶውን ቀረ፤ መሐል ላይ ደግሞ የሰርቦ መጨረሻ የከተማው መጀመሪያ ላይ ተደረበ። ሠላሳ ቁጥር ላይ በየረድፉ ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ሆነ። ከታች እስከ ላይ ገበሬና ተማሪ ብጣሽ ወረቀት እያሳየ ይከራከራል፤ የሁለቱም ወረቀት ትክክል ነው። ተጠጋጉ፣ ተሸጋሸጉ እያልኩ ወጥቼ ወረድኩ። በአንድ ተማሪዬ ጭን ላይ አንድ ወፍራም ገበሬ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም፤ ልጁ እያየኝ ካርቶኑን አቀፈ። ጥሩ ልጅ ነበር።

አንዲት ሴት ብቻ ለመጠጋት እምቢ አለች። ዙበይዳ ትባላለች፤ ቡና በመልቀም የምትተዳደር፣ ቡናማ ካርቶን የያዘች ቀጭን ሴት ናት። በእሷ ቦታ ላይ የተቀመጠው አንድ ትከሻው በር የሚያክል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። አየችው፣ ወረቀቷን አየች፣ ዞረችና ተዳፋቱን ቀስ ብላ ወርዳ እኔ ዘንድ መጣች።

«መምህር» አለችኝ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ከማላውቀው ወንድ ጉያ አልገባም። ለአብዮቱም ቢሆን አልገባም።»

ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ የሰማ የለም። ወረቀቷን ተቀብዬ ካሬው ላይ ስፈልጋት የአውራ ጣቱ ጫፍ ሆና አገኘኋት። ሌላ ቦታ እስክፈልግልሽ አጠገቤ ቁሚ አልኳት። ሌላ ቦታ አልነበረም፤ የሚፈልግም አልነበረም።

ከዚያ ጉሙ ተገፈፈ። እንግዳው መጡ፤ ከሜዳው ማዶ ለክብራቸው የተሠራው መድረክ ላይ ወጡ፤ ንግግር ተደረገ፤ ጓድ ይልማ ከመድረኩ ላይ መሐረብ አወዛወዘልኝ። እኔም ዙበይዳን ከጎኔ አድርጌ ከተዳፋቱ ፊት ለፊት፣ ሜዳው ዳር ቆሜ ቀይ ጨርቄን አነሣሁ።

ካርቶኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍ አሉ። ያ የካርቶን ድምፅ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ይሰማኛል፤ ትልቅ ወፍ ክንፉን እንደዘረጋ ያለ ነው።

በቀኝ በኩል ቅርንጫፉ ባማረ ሁኔታ ተዘርግቷል። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ፍሬው ቀይ። በግራ በኩል ግን ከታች የሚነሣ ክንድ የለም። ሰማዩ ከታች ነው፤ ክንዱ ከላይ፣ ከጅሬን ጫፍ ላይ፣ ጥቂት ከቀረው ጉም ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል። አንድ ግዙፍ ቡናማ እጅ ከሰማይ ወርዶ ቡናው ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ አጠገብ ካሉት ተመልካቾች አንዷ እናት ቀስ ብለው አማተቡ፤ ሌላዋ እናት ሱብሃነላህ አሉ። እኔ ራሴ፣ ያበላሸሁት እኔ መሆኔን እያወቅሁ፣ ጸጉሬ ቆሟል። ከሰማይ የወረደ እጅ፤ ፈጣሪን መጥራት እንደ ኋላ ቀርነት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዳ ፊት፣ በአብዮታዊ በዓል ላይ። አሻጥር ለዚህ ትንሽ ቃል ናት። ሌላ ቃል ይፈጠርልኛል ብዬ አሰብኩ። ጨርቁን ማውረድ ፈለግሁ፤ ክንዴ ግን የእኔ አልሆነም።

ዙበይዳ ካርቶኗን ደረቷ ላይ አቅፋ ተዳፋቱን ታያለች። «ሀርከ ኤኙቲ?» አለችኝ። የማን እጅ ነው ማለቷ ነው።

መድረኩ ላይ ያለውን ማይክሮፎን ማንም አላጠፋውም ነበር። ስለዚህ እንግዳው ለጓድ ይልማ በጆሮው የነገሩትን ሜዳው ሁሉ ሰማው። ይህ እጅ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ድምፃቸው ቁጣም ደስታም የለበትም።

ጓድ ይልማ ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። ከዚያ ካፖርት በማያስፈልግበት አገር ካፖርት ለብሶ የኖረ ሰው ጉብዝናውን አሳየ። ይህ የበዝባዡ እጅ ነው ጓድ፣ አለ። ከላይ ወርዶ የገበሬውን ቡና ሲነጥቅ ነው። ያለፈው ሥርዓት ነው። ይህን ሲል መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲጨርስ ግን ራሱም አምኖበታል።

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆዩና «ቀጣዩስ ሥዕል?» አሉ።

ቀጣይ ሥዕል አልነበረም። ያለፈው ሥርዓት ከታየ የአሁኑ መታየት እንዳለበት ሕፃን ልጅም ያውቃል። ማይክሮፎኑ ይንሿሿል። ጓድ ይልማ በሜዳው ማዶ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ጨርቄን ይዤ ወደ እሱ አያለሁ፤ ከላይ እጁ እንደተንጠለጠለ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ይጸልያል። እኔ ግን ስለ ጨርቁ ቀለም ማሰብ ጀመርኩ፤ በዚህ ብርሃን ቀይ ሳይሆን ወደ ሐምራዊ ያደላል።

የጅማ ዝናብ ማስታወቂያ አያስነግርም። ከጅሬን ጀርባ መጣና ከእጁ ክርን ላይ ጀመረ። የሰርቦ ሰዎች ልብሳቸው የክት ነው፤ ካርቶናቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ተነሡ። ክንዱ ከላይ ጀምሮ ተበታተነ፤ መዳፉ ተፈታ፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ኤንትሬዎቹ ሮጡ። ተማሪዎቼ ግን ያለ ምልክት አትንቀሳቀሱ ተብለዋል፤ የእኔ ጨርቅ ደግሞ አልወረደም። ስለዚህ በባዶው ተዳፋት ላይ፣ በዝናቡ መሐል፣ ቅርንጫፉ ብቻ ቀረ። ውሃው ሲነካው ቀዩ ይበልጥ ቀላ፣ አረንጓዴው ይበልጥ ለመለመ። በሕይወቴ ከዚያ ያማረ ሥዕል አላየሁም፤ የሠራሁትም እኔ አልነበርኩም።

«ሰፊው ሕዝብ እጁን በተነው፣ ቡናው ቀረ» አለ ጓድ ይልማ በማይክሮፎኑ። እንግዳው ተነሥተው አጨበጨቡ። እሳቸው ካጨበጨቡ ሁሉም አጨበጨበ።

ጨርቁ የወረደው ያኔ ነው። ጓድ ይልማ ሜዳውን በሩጫ አቋርጦ መጣና በረጠበው ካፖርት አቀፈኝ። የሚያየን ሰው ወንድማማቾች ነበር የምንመስለው። በጆሮዬ ግን ይህን እጅ ማን እንደገለበጠው አልጠይቅህም አለኝ፤ እንግዳው እስኪሄዱ ድረስ ጅማ ውስጥ እንዳላይህ። ቃሉን ጠብቋል፤ ኋላም አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ብዙ ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ሰው ሲያወራ ዕድገት ነው ተባለ። እኔ የሥዕል አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ፤ ከጥጌ አልራቅሁም።

በዚያች ሰዓት ግን የት ልሂድ? ከፊቴ ሞተሩን ያስነሣው ኤንትሬ የሰርቦ ነበር። ዙበይዳ ስትሳፈር ተከትያት ተንጠለጠልኩ።

ጭነቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቀለም ሆኗል። የካርቶኑ ቀለም በዝናቡ ለቆ ፊታቸው ላይ፣ ነጠላቸው ላይ ወርዷል። ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው። አባ ዝናብ ጋቢና ግቡ ሲባሉ ቦታቸውን ለአንዲት አራስ ለቀው እኛ ዘንድ ነበሩ፤ ነጭ ጺማቸው እስከ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። አልተቆጡም። እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

መኪናው የሰርቦን መንገድ ከያዘ በኋላ «መምህር» አሉኝ፣ «ምን መሰልን?»

ጭነቱ ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሥዕሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሥዕሉን አያየውም። እነዚህ ሰዎች ለቀማቸውን ጥለው፣ በማለዳ ተነሥተው፣ የክታቸውን ለብሰው መጥተው ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ነው የሚመለሱት። ደግሞ ምን ብዬ ልንገራቸው? ቡናቸውን ከላይ ወርዶ የሚነጥቅ እጅ ነበራችሁ ልበላቸው? የቡናው ዋጋ በዚያ ዘመን ከላይ ነበር የሚወርደው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ዋናው የሥዕሉ ኃላፊ እኔ ዓይኔን ወደ ዙበይዳ መለስኩ።

ዙበይዳ ናት የመለሰችው። ባየችው ላይ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም፤ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ነገረቻቸው። የከተማዎቹ ቡና ሆነው ነበር፤ የቀላ፣ የደረሰ ቡና። እኛ እጅ ሆነን ነበር። እጁ ከላይ ነው የመጣው፤ ከጉሙ ውስጥ። እርስዎ ሰማይ ነበሩ አባ፣ ሰማዩ ግን ከታች ነበር።

አባ ዝናብ ነገሩን በጥሞና ያዙት። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ጠየቁ።

«እጁ ሊወስድ ነበር ወይስ ሊለቅም?»

ዙበይዳ አሰበች። ያ ጥያቄ ቀልድ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጎኔ ያለው ሰው እንኳ የረጠበ ነጠላውን መጭመቁን አቆመ።

«እኔም ይህንኑ እያልኩ ነበር የማየው» አለች። «ግን አባ፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ አልነበረውም። እኔ ጋ ነበር።» ካርቶኗን ከሻሿ ሥር አወጣችና አሳየቻቸው፤ እሷ ሥዕሉ ውስጥ ስላልነበረች ዝናብ ብዙም አልነካውም። «ያለዚች አንድ ፍሬም አይበጠስም።»

ቡና የለቀመ ሰው ሁሉ ሳያስበው አውራ ጣቱን አየ። ከዚያ አባ ዝናብ ሳቁ። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ የሚነቀንቅ የሽማግሌ ሳቅ ነው፤ ሰማያዊው ጺማቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ከእሳቸው ወደ ጎረቤታቸው፣ ከጎረቤታቸው ወደ ኋላ ሄደ፤ ያ ሁሉ ቡናማና ሰማያዊ ፊት እየሳቀ፣ መኪናው እያንገጫገጨን፣ በሁለቱም ወገን የቡናው ዛፍ እያንጠባጠበ ሄድን። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ከፍርሃት ይሁን ከደስታ አላውቅም፤ ብቻ እንባዬ ወርዷል፤ እሱም ቀለም ነበረው።

ሰርቦ ስንደርስ ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር። ሰዉ ከመኪናው እየወረደ ወደየቤቱ ጉሙ ውስጥ ይገባል። አባ ዝናብ ክንዴን ይዘው ወረዱ፤ ከወረዱ በኋላም ወዲያው አለቀቁኝም።

«ሌላ ጊዜ ሥዕል ካለ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። «ዜሮም ቢሆን ግድ የለኝም። ግን ሰማይም እጅም አታድርገኝ። እዚያ ከታች፣ ዙበይዳ የቆመችበት ቦታ አቁመኝ። አንድ ጊዜ እኛን ልይ።»